ማሰሮውን መታ አድርጎ መስማት
(በሐይፋ ለወላጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከሥራ ውላችሁ ሳታርፉ፣ አንዳንዶቻችሁም ሕፃናቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ ይህን የሐይፋን ዳገትና ደረጃ ወጥታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባንክ ነው። "እኛንና ባንክን ምን አገናኘን? ማሽካንታው አይበቃንም ወይ?" ብላችሁ እንደምትስቁ እናውቃለን። የምንናገረው ግን ለቤት መግዣ ስለሚያበድረው ባንክ አይደለም። ለመንግሥታት ስለሚያበድረው፣ መንገድና ወደብ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ስለሚያሠራው የልማት ባንክ ነው። ይህ ባንክ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ "የሠራሁት ሥራ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም?" ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ጉድለት አያጣውም። ቢሆንም እኛ ከእርሱ የምንማረው ነገር አለ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ይህን ርዕስ ለምን እንደ መረጥን በመጀመሪያ እንንገራችሁ። በሰፈራችን ለልጆቻችን ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የማስጠናት ፕሮግራም ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ አለቀ። አሁን ደግሞ ሌላ፣ ስሙ የተለወጠ ግን አሠራሩ ያንኑ የሚመስል ፕሮግራም ሊመጣ ነው፤ የወላጆች ተወካዮች እንዲስማሙና እንዲፈርሙ ተጠይቀናል። እኛም "የመጀመሪያው ምን ውጤት አመጣ?" ብለን ጠየቅን። አንድ ገጽ ወረቀት ተሰጠን። በወረቀቱ ላይ ስንት ልጆች እንደ ተመዘገቡ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተማሩ ተጽፏል፤ የሐኑካ በዓል ፎቶግራፍም ተለጥፎበታል። "ከነዚህ ልጆች ውስጥ ማንበብ ያቅተው የነበረና ዛሬ የሚያነብ ስንት ነው?" ስንል መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

ይህን ስንናገር ጣታችንን ወደ ሌላ ሰው ብቻ እየቀሰርን አይደለም። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ያስተማርን ከእኛ መካከል አለን። ያንን ቅጽ በየወሩ የሞላነው እኛው ነን። የመጡትን ልጆች ቆጠርን፣ ፈረምን፣ ላክን። የተማሩትን ግን አልለካንም፤ እንድንለካም ማንም አልጠየቀን። ስለዚህ ይህ ንግግር ለእኛም ተግሣጽ ነው።

እናቶቻችን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቁታል። በጎንደር፣ በወለቃና በሌላውም አገር፣ እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ሠሪዋ ማሰሮውን ከእሳት አውጥታ ከቀዘቀዘ በኋላ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። ደህና ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ከተሰነጠቀ ድምፁ የታፈነ ነው። ገበያ ስትወስደው ደግሞ ገዢዋ የሠሪዋን ቃል ብቻ ሰምታ አትከፍልም። እርሷም በተራዋ መታ አድርጋ ትሰማለች። ሦስተኛው ፈተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማሰሮው እሳት ላይ ተጥዶ ዓመቱን ሙሉ ወጥ ሲሠራበት። እንግዲህ የልማት ባንኮች ግምገማ የሚሉት ነገር ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ አይደለም።

ታሪኩን በአጭሩ እንናገር። የዓለም ባንክ ከአፍሪካ በመጀመሪያ ያበደረው ለኢትዮጵያ ነው። በ1950 ለአውራ ጎዳና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የልማት ባንክ ለማቋቋም 2 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ። ዛሬ የምንኖርባት አገርም ተበዳሪ ነበረች፤ በ1960 የአሽዶድ ወደብ ሲሠራ ከዚያው ባንክ ብድር ተወስዷል። በእነዚያ ዓመታት ባንኩ "ብድሩ ይመለሳል ወይ? ግንባታው አለቀ ወይ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ "የሰው ኑሮ ተሻሻለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት የተደራጀ ክፍል አልነበረውም። በ1970 ሮበርት ማክናማራ ፕሬዚዳንት ሳለ የግምገማ ክፍል ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ በባንኩ አስተዳደር ሥር ነበር። ከ1975 ጀምሮ ግን ኃላፊው ሪፖርቱን ለባንኩ ፕሬዚዳንት ሳይሆን አባል አገሮችን ለሚወክለው የዳይሬክተሮች ቦርድ እንዲያቀርብ ተደረገ። ዛሬ ይህ ክፍል ገለልተኛ የግምገማ ቡድን ይባላል። ኃላፊው የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ወደ ባንኩ መደበኛ ሥራ ተመልሶ መቀጠር አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነገ ሥራ የሚሰጠውን ሰው ዛሬ "አጥፍተሃል" ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነውና።

ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚህች አገርም የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ መቫኬር ሀመዲና የምንለው፣ ተጠሪነቱ ለክኔሴት ነው እንጂ ለሚኒስትሮች አይደለም። ሐሳቡ አንድ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ በመጀመሪያ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የማጠናቀቂያ ሪፖርት ይጽፋሉ። ይህ ሠሪዋ የራሷን ማሰሮ መታ እንደምታደርገው ነው። ቀጥሎ ገለልተኛው ቡድን ሪፖርቱን ተቀብሎ ማስረጃውን ይመረምራል፤ ደረጃም ይሰጣል። ደረጃው ስድስት ነው፤ "እጅግ አጥጋቢ" ከሚለው ተነሥቶ "እጅግ አጥጋቢ ያልሆነ" እስከሚለው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ገምጋሚው የሚሰጠው ደረጃ ሠሪዎቹ ለራሳቸው ከሰጡት ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ተቆጥሮ በይፋ ይታተማል። በመጨረሻም ከፕሮጀክቶቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው፣ ሰዎች ወደ ቦታው ሄደው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ምን እንደ ቀረ ያያሉ። ይህ ማሰሮው እሳት ላይ ከቆየ በኋላ እንደሚታየው ነው።

የሚጠየቁት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። በ1991 የበለጸጉት አገሮች የእርዳታ ኮሚቴ አምስት መለኪያዎችን አወጣ። ሥራው ለሰዎቹ የሚያስፈልግ ነበር ወይ? ዓላማውን መታ ወይ? ገንዘቡ በቁጠባ ዋለ ወይ? በሰው ኑሮ ላይ ምን ለውጥ አመጣ? እርዳታው ሲቆም ሥራው ይቀጥላል ወይ? በ2019 ስድስተኛ ተጨመረ፤ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ይጣጣማል ወይስ ይጋጫል? የሚል ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ መልካም ነው። ሥራውስ?

በ1992 ባንኩ ራሱን በደንብ እንዲያይ ተገደደ። ዊሊ ቫፐንሃንስ የተባሉት የባንኩ ከፍተኛ ባለሥልጣን የመሩት ቡድን፣ በ1991 ከተገመገሙት ፕሮጀክቶች ውስጥ ከመቶ 37 ያህሉ አጥጋቢ እንዳልሆኑ ገለጸ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ቁጥሩ ከመቶ 15 ያህል ነበር። ቡድኑ ምክንያቱንም ሳይደብቅ ተናገረ። በባንኩ ውስጥ ሠራተኛ የሚመሰገነውና የሚሾመው አዲስ ብድር ሲያጸድቅ እንጂ የቆየው ፕሮጀክት ፍሬ ሲያፈራ አይደለም አለ። ሁሉም የሚሮጠው ወደሚቀጥለው ፊርማ ነበር።

ወገኖቻችን፣ ይህ ነገር ከሰፈራችን ይርቃል? እኛም ዘንድ ሪባን ሲቆረጥ እንግዳ ይመጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላም ድካም አለ፤ የተጻፈው አይነበብም። በ2014 የባንኩ የራሱ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የተቀመጡትን ሪፖርቶች ቢቆጥሩ፣ ከመቶ 31ዱን አንድም ሰው አውርዶ አላያቸውም። በዚያው ዓመት ገለልተኛው ቡድን ባንኩ እንዴት እንደሚማር ሲያጠና፣ ሠራተኞቹ አዲስ ፕሮጀክት ሲያዘጋጁ ከድሮው ሪፖርት ይልቅ የሚያውቁትን የሥራ ባልደረባ ጠይቀው እንደሚማሩ አገኘ። በ2016 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። ራስን የመገምገሙ ሥራ በደረጃ አሰጣጥ ላይ ስላተኮረ ሰው ስሕተቱን በግልጽ ጽፎ ከመማር ይልቅ ደረጃው እንዳይወርድበት ይጠነቀቃል የሚል ነበር። እኛ አስተማሪዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ለነጥብ ብቻ የሚያጠና ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም፤ ይደብቃል።

አሁን ሁለት ምሳሌ ከአገራችን ከኢትዮጵያ እንጥቀስ። ሁለቱም ስለ መለካት ናቸው።

የመጀመሪያው የአርሲ ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ አካባቢ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ለትንሹ ገበሬ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይሰጥ ነበር። ምርቱም አደገ። በኩንታል ብቻ ለለካ ሰው ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን መሬቱ የገበሬው አልነበረም፤ የባለ ርስቱ ነበር። ስንዴው ትርፍ ማምጣቱን ባለ ርስቶቹ ባዩ ጊዜ ኪራዩን ከፍ አደረጉ፤ ብዙዎቹም ትራክተር አምጥተው ጭሰኛውን አስወጡት። ለጭሰኛው የታሰበው ፕሮጀክት ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀለው ማለት ነው። ካዱን የሚያስመሰግነው አንድ ነገር ቢኖር የራሱ የጥናትና የግምገማ ክፍል ስለ ነበረው ይህን ጉድ አይቶ መጻፉ ነው። ነገር ግን የመሬቱን ሥሪት መለወጥ ከድርጅቱ አቅም በላይ ነበር፤ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሳይለወጥ ቆየ። ከዚህ የምንማረው፣ "ምርቱ ስንት ሆነ?" ብቻ ሳይሆን "ለማን ሆነ?" ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ሁለተኛው የጋምቤላ ነው። ከ2006 ጀምሮ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች መሠረታዊ አገልግሎትን ለመጠበቅ በተባለ ፕሮግራም ለየወረዳው የአስተማሪዎች፣ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ይሰጡ ነበር። በአገር አቀፍ ቁጥር ሲታይ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ይህ እውነት ነው፤ አንክደውም። በ2012 ግን ከጋምቤላ ተሰደው የወጡ አኙዋኮች ለባንኩ የኢንስፔክሽን ፓኔል አቤቱታ አቀረቡ። ይህ ፓኔል በ1993 የተቋቋመ፣ በባንኩ ፕሮጀክት ተጎዳሁ የሚል ሕዝብ በቀጥታ የሚጮኽበት ቦታ ነው። "መንግሥት ከመሬታችን አንሥቶ በመንደር ሲያሰባስበን ሥራውን የሚያስፈጽሙት በዚህ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው" አሉ። ፓኔሉ መረመረ። የባንኩ ገንዘብ በቀጥታ ሰውን በግድ ለማፈናቀል ዋለ አላለም። ነገር ግን ባንኩ በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ያለውን ግንኙነትና አደጋ በሚገባ አልመረመረም፣ በዚህም የራሱን መመሪያ አልተከተለም አለ። ጉዳዩ በ2015 በባንኩ ቦርድ ፊት ቀረበ።

ልብ በሉ። የአገሩ አማካይ ቁጥር መልካም ሆኖ ሳለ የአንድ ሕዝብ ኑሮ ግን ሊፈርስ ይችላል። አማካይ ቁጥር አይጮኽም፤ የሚጮኸው ሰው ነው። ስለዚህ የባንኩ ገምጋሚ ብቻውን አይበቃም፤ የተጎዳው ሰው ራሱ የሚናገርበት በር ያስፈልጋል። ያ በር እንኳ የተከፈተው በሕዝብ ጩኸት ነው። በሕንድ በናርማዳ ወንዝ ግድብ ምክንያት የሚፈናቀሉት ሰዎች ለዓመታት ታገሉ፤ በ1992 ባንኩ ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን ጥፋቱን በይፋ ገለጸ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፓኔሉ የተቋቋመው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

እኛ በዚህች አገር ስንት ፕሮጀክት አይተናል! ከዘመቻ ሙሴ ጊዜ ጀምሮ፣ ከ1991 ከዘመቻ ሰሎሞን ወዲህማ ይልቁን፣ ያላለፈብን ፕሮግራም የለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከወጣቶቻችን እጅግ የሚበዙት ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። በአልጋና በመማሪያ ቦታ ቁጥር ሲለካ ሁሉም ልጅ ቦታ አገኘ። በቤተሰብ ሲለካስ? አባት የልጁን ቋንቋ፣ ልጅም የአባቱን ቋንቋ ያጣበት ቤት ስንት ነው? ይህን ማን ለካው?

በ1993 ደግሞ ልዩ የማሽካንታ ፕሮግራም ወጣ። ከገንዘቡ አብዛኛው ስጦታ ነበር፤ ቀሪው ብድር። ከካራቫን የወጣንበት፣ የራሳችን በር የቆለፍንበት ነውና ምስጋና ይገባዋል። በተገዛው አፓርታማ ቁጥር ቢለካ ተሳክቷል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዋጋው በሚቀንስበት፣ ዘመድም ባለበት ሰፈር ገዛን፤ በአንዳንድ ከተሞች ልጆቻችን በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተከማቹ። ቤቱ የእኛ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ደከመ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግምገማ ማለት ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ነው።

ጥሩ ምሳሌም አለን። ከ1998 ጀምሮ ጆይንት ከከተማ አስተዳደሮችና ከሚኒስቴሮች ጋር ያቋቋመው ፓክት የተባለው ለሕፃናትና ለወላጆች የሚሠራ ፕሮግራም በብሩክዴይል ተቋም ተጠንቷል፤ ጥናቱም ታትሞ ማንም ሊያየው ይችላል። "ብሩክዴይልን ያቋቋሙት ጆይንትና መንግሥት አይደሉም ወይ?" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ መጠየቅም ይገባል። የዓለም ባንክ ገምጋሚም የተቀመጠው እዚያው ባንኩ ውስጥ ነው። ዋናው ነገር ገምጋሚው የት ተቀመጠ ሳይሆን ለማን ይናገራል፣ የጻፈውስ ይታተማል ወይ የሚለው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲሱን ፕሮግራም አንቀበልም አላልንም። ልጆቻችን እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ከመፈረማችን በፊት ግን እነዚህን አምስት ነገሮች እንጠይቅ እንላለን።

አንደኛ፣ ያለፈው ፕሮግራም ምን ውጤት እንዳመጣ በጽሑፍ ይሰጠን። ስንት ልጅ መጣ ብቻ ሳይሆን ስንት ልጅ ምን ተማረ የሚለው ይጻፍ። ካልተለካ "አልለካንም" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ሲጀመር በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ ልጅ በንባብና በሒሳብ የት እንዳለ ይታወቅ። መነሻው ያልታወቀ መንገድ ርዝመቱ አይለካም። ይህ ልጁን ለማሳፈር አይደለም፤ ስሙም ከወላጁና ከአስተማሪው አልፎ አይወጣም።

ሦስተኛ፣ የሚገመግመው ሰው ደመወዙን ከፕሮግራሙ አስተዳዳሪ እጅ የሚቀበል አይሁን። ወላጆችም በግምገማው ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ወንበር ይኑረን፤ አንዱ ለእናቶች ይሁን።

አራተኛ፣ ቅሬታ ያለው ወላጅ የሚናገርበት በር ይኑር፤ በአማርኛም በትግርኛም የሚሰማ ሰው ይቀመጥበት። ቅሬታ ያቀረበ ወላጅ ልጁ ከፕሮግራሙ እንዳይወጣበት ዋስትና ይሰጠው።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱ በመሳቢያ አይቀመጥ። በዕብራይስጥ ብቻ ተጽፎ በቢሮ ከቀረ ለእኛ እንዳልተጻፈ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንደ ዛሬው ተሰብስበን፣ ቡናው ተፈልቶ፣ በአማርኛ ይነበብልን። ትልቁ ባንክ እንኳ ሰው የሚማረው ከወረቀት ይልቅ ከሰው ነው ብሏልና፣ እኛ በዚህ በኩል ከባንኩ እንበልጣለን። ነገርን በቡና ላይ ማብጠርጠር ከእናቶቻችን የወረስነው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ግምገማ ሰውን ለመክሰሻ አይሁን። ስሕተቱን የተናገረ አስተማሪ ከሥራ ከተባረረ፣ የሚቀጥለው አስተማሪ ይደብቃል፤ እኛም ምንም አንማርም። ስለዚህ እኛ አስተማሪዎች ዛሬ በፊታችሁ እንጀምር። በዚያ ፕሮግራም ሦስት ዓመት ሠርተናል፤ ልጆቻችሁን ወደናቸዋል፤ ነገር ግን የትኛው ልጅ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ ልንነግራችሁ አንችልም። ከሦስተኛ ክፍል ሲመጣ ፊደል ይስት የነበረ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ሲገባም ይስት እንደ ነበር ከመካከላችን የምናስታውስ አለን። ቅጹ ላይ ግን "ተገኝቷል" ብለን ጻፍን። ተገኝቶም ነበር። ይህን ለእናቱ መንገር ነበረብን፤ አልነገርናትም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተወካዮቻችን መልስ ይሰጣሉ። አምስቱን ጥያቄዎች በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈን በበሩ አጠገብ አስቀምጠናል፤ ስትወጡ አንዳንድ ወስዳችሁ ላልመጣው ጎረቤት አንብቡለት። ማንበብ የማይችል ወላጅ ቢኖር ልጁ ያንብብለት። ልጁ ካቃተው ደግሞ፣ እንግዲህ ስለ ምን እንደምንነጋገር ቤታችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

እናቶቻችን የተሰነጠቀ ማሰሮ ከገበያ ይዘው ገብተው አያውቁም። እኛም ሳንሰማ አንፈርም።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።